ያረጀ አሞርዛተርን ስለ መለወጥ

በሬዲዮ የተነገረ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከውጭ ለሚያየው ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ በተበላሸ ጊዜ ግን የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚያደርስ አንድ የአውቶሞቢል ዕቃ ነው። እርሱም በየጋራዡ አሞርዛተር እየተባለ የሚጠራው ነው። ስሙን፣ እንደ ሞላና እንደ ባሌስትራ፣ እንደ ቡሎንና እንደ ክሪክ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ ወስደነዋል፤ ትርጉሙም የሚያበርድ፣ የሚያለዝብ እንደ ማለት ነው። ይህም ስም አሜሪካኖች በተለምዶ ከሚጠሩበት ስም ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። የእነርሱ አጠራር «ግጭት መጣጭ» እንደ ማለት ስለ ሆነ ሰሚውን ያሳስታል። የመንገዱን ግጭት የሚቀበለው አሞርዛተሩ አይደለም፤ ሞላው ነው። የአሞርዛተሩ ሥራ ሞላው ግጭቱን ከተቀበለ በኋላ የሚጀምረውን ዝላይ ማስታገሥ ነው።

ነገሩን በጠቅላላ ከመናገር አንድ የታወቀ መኪና ይዞ መናገር ለማስረዳት የሚቀል ስለ ሆነ፣ ለምሳሌ የመረጥነው ኤም ጂ ቢ የተባለውን የእንግሊዝ የስፖርት አውቶሞቢል ነው። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር፣ በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ የቆየ፣ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ 1798 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ መኪና ነው። በመጀመሪያ የወጣው ጣራው የሚገለጠው ሲሆን፣ ጣራው ድፍን የሆነው ዐይነት በ1965 ተጨመረ። በጠቅላላው ከ500,000 የሚበልጥ ተሠርቶ፣ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ተሸጦአል። ፋብሪካው ከተዘጋ ከ40 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዛሬም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩት በመንገድ ላይ ይታያሉ። ከባለቤቶቻቸውም ብዙዎቹ መካኒክ ሳይሆኑ በዕረፍት ቀናቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናቸውን በገዛ እጃቸው የሚጠግኑ ናቸው። አደጋ የሚደርሰውም በእንደነዚህ ያሉት ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጠዋለን።

አስቀድመን የዕቃውን ጠባይ እንመልከት። ሞላ ሲጫኑት ኀይል ያጠራቅማል፤ ሲለቁት ያጠራቀመውን ይመልሳል። ጎማው ከድንጋይ ላይ ሲወጣ ሞላው ይታመቃል፤ ወዲያው ይፈናጠርና ከልኩ አልፎ ይረዝማል፤ እንደ ገናም ተመልሶ ይታመቃል። የሚያስታግሠው ባይኖር አንድ ጉድጓድ ያስነሣው መወዛወዝ ሌላው ጉድጓድ እስኪደርስ ድረስ አይቆምም። መወዛወዙም ሁለት ዐይነት ነው። የመኪናው አካል ከባድ ስለ ሆነ በዝግታ፣ በአንድ ሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል፣ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ተሳፋሪው ይህንን በጀልባ ላይ እንደ ተቀመጠ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ጎማውና ከርሱ ጋር የተያያዘው ብረት ግን ቀላል ስለ ሆነ፣ በሴኮንድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ይንቀጠቀጣል። ክፉው ይህ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ጎማው በዘለለ ቍጥር መሬቱን ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ መሪ ቢያዞሩት አይታዘዝም፤ ፍሬን ቢረግጡበትም መኪናውን አያቆምም። በደረቅና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ጕዳቱ ላይታወቅ ይችላል። መንገዱ ሻካራ ወይም እርጥብ በሆነ ጊዜ ግን መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ በመታጠፊያም ላይ የኋላው ጎማ ወደ ጐን ይንሸራተታል።

አሞርዛተሩ የሞላውን ኀይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያስወግደዋል። ከረዥምና ከሻካራ ጒዞ በኋላ ደኅና አሞርዛተር በእጅ ሲዳስሱት ሞቆ የሚገኘው ስለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ይህ ይደረግ የነበረው በደረቅ ፍትጊያ ነበር፤ ፈረንሳዊው ትሩፎ አስቦት አሜሪካዊው ሃርትፎርድ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ላይ ለገበያ ያቀረበው ዕቃ እንደ መቀስ የተጋጠሙ ክንዶች ያሉትና በመጋጠሚያው ላይ ክብ ክብ ሰሌዳዎች እርስ በርሳቸው የሚፋተጉበት ነበር። የፍትጊያ ጕድለቱ ግን ለቀስታውም ለፍጥነቱም አንድ ዐይነት መሆኑ ነው። በኋላ ዘይት ተተካ። ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ሲገፉት፣ በዝግታ ለሚገፋው ይታዘዛል፤ በኀይል ለሚገፋው ግን እየከበደ ይሄዳል። የሐኪም መርፌ ይዞ የሞከረ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ስለዚህ በዘይት የሚሠራ አሞርዛተር ለለስላሳው እንቅስቃሴ ለስላሳ፣ ለድንገተኛው ዝላይ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል።

በዘመናችን መኪናዎች ላይ የሚታየው አሞርዛተር እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ረዥም ቱቦ ነው። የኤም ጂ ቢ አሞርዛተር ግን አርምስትሮንግ በተባለው ፋብሪካ ሥራ፣ ክንድ ያለው ዐይነት ሲሆን፣ መኪናው ከተጀመረበት እስካቆመበት ዓመት ድረስ አልተለወጠም። ቅርጹ በዘይት የተሞላ ወፍራም የብረት ሣጥን ነው። በሣጥኑ ላይ አንድ ዘንግ ተጋድሞ ያልፋል፤ ከውጭ በኩል ክንዱ፣ ከውስጥ በኩል ፒስቶኖቹ ከዚሁ ዘንግ ጋር ተያይዘዋል። ጎማው ከፍና ዝቅ ባለ ጊዜ ክንዱ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉም ፒስቶኖቹን እየገፋ ዘይቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቫልቭ በኩል ያሳልፋል። ቫልቩ ጎማው ሲወጣ አንድ ዐይነት፣ ሲወርድ ሌላ ዐይነት መከላከል እንዲያደርግ ሆኖ የተሠራ ነው።

አሁን አድማጮቻችን በተለይ እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። በዚህ መኪና የፊተኛው አሞርዛተር ሥራው አንድ ብቻ አይደለም። ሣጥኑ ከላይ በተጋደመው የብረት ተሸካሚ ላይ በአራት ቡሎን ታስሮ፣ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ውጭ ተዘርግተው የጎማውን ተሸካሚ ብረት ጫፍ ይይዛሉ። በሌላ አነጋገር፣ አሞርዛተሩ ራሱ የላይኛው ብራቾ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የዘንጉ መቀመጫ በልቶ ልል ቢሆን የሚከተለው የዘይት መፍሰስ ብቻ አይደለም፤ የጎማውም አቋቋም ይናጋል፤ መሪው ይቅበዘበዛል። በዘመናይ መኪና ላይ ቱቦው ቢሞት ጎማውን የሚይዙት ሌሎች ብረቶች ደኅና ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በዚህ መኪና ግን እንዲህ ብሎ መጽናናት አይቻልም።

የማርጀት ምልክቱ ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ዘይት ነው። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ሲደርቅ፣ ወይም ዘንጉ ሲበላ፣ ዘይቱ እየሰረገ ወጥቶ በሣጥኑ ላይ ከአቧራ ጋር ይጋገራል። ቀጥሎ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ በብዙ ይደፋል፤ በመታጠፊያ ላይ ይንጋደዳል፤ ጎማው ዙሪያውን ትክክል ሆኖ በማለቅ ፈንታ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ይበላል። ይሁን እንጂ መበላሸቱ በቀን ሳይሆን በወራትና በዓመታት የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ነጂው ራሱ ከመኪናው ጋር አብሮ ይለምደዋል። የሌላ ሰው መኪና ነድቶ በተመለሰ ጊዜ ነው ልዩነቱ የሚገለጥለት።

የመኪናውን ጥግ በእጅ ወደ ታች ተጭኖ የመልቀቅ ፈተና በሰፊው የታወቀ ነው። መኪናው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከዘለለ አሞርዛተሩ ሞቶአል ይባላል። ይህ ፈተና ፈጽሞ የሞተውን ያጋልጣል፤ ግማሹን የሞተውን ግን ደኅና አስመስሎ ሊያሳልፈው ይችላል። የሚታመነው ክንዱን ከተያያዘበት ፈትቶ በእጅ ከላይ እስከ ታች ማንቀሳቀስ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ሆኖ እየከበደ የሚሄድ ከሆነ ጤነኛ ነው። በመካከል ባዶ ቦታ ቢገኝበት፣ ማለት ክንዱ ያለ ምንም ከልካይ ወለል ብሎ ቢያልፍ፣ ዘይት ጐድሎአል ወይም አየር ገብቶአል ማለት ነው።

ዘይት ብቻ የጐደለ እንደ ሆነ መለወጥ አያስፈልግም፤ መጨመር ይበቃል። ነገር ግን የዘይቱ መክደኛ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ አጥርቶ መጥረግ የግድ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወደ ውስጥ ብትገባ ቫልቩን ታበላሸዋለችና። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ድረስ ይሞላል፤ ክንዱም ደጋግሞ ከላይ እስከ ታች እየተንቀሳቀሰ አየሩ ይወጣል። የሞተር ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለአሞርዛተር የተሠራውን ወይም ለሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ የሚሸጠውን ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች የሞተውን አሞርዛተር ወፍራም ዘይት ሞልተው ያደነድኑታል። ይህ ሻጭ ገዢን የሚያታልልበት ብልሃት ካልሆነ በቀር ጥገና አይደለም። ወፍራሙ ዘይት በብርድ ጊዜ ክንዱን እንደ ዱላ ያደርገዋል፤ ሲሞቅ ይቀጥንና በዚያው በተበላው ዘንግ በኩል ይፈሳል።

ዘይቱ ተሞልቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና የሚጐድል ከሆነ ግን መለወጥ ነው። ያውም ሁለቱን የፊተኞች ወይም ሁለቱን የኋለኞች ባንድነት እንጂ አንዱን ብቻ አይደለም፤ ግራው ጠንክሮ ቀኙ ቢለሰልስ መኪናው በጐርባጣ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባልና።

ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። በክሪክ ከተነሣ በኋላ ካቫሌቶ የተባለው የብረት ድጋፍ ከአካሉ ጠንካራ ክፍል በታች ይገባል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ራስን ማስገባት ነፍስን ለአንዲት ትንሽ ጎሚኒ አደራ መስጠት ነው።

ቀድሞ «ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጠዋለን» ያልነው ቦታ ላይ ደረስን። የኤም ጂ ቢ የፊት ሞላ ከላይ ከተጋደመው ተሸካሚና ከታች በታችኛው ብራቾ ላይ ከተቀመጠው ሳሕን መካከል ታምቆ የሚኖር ነው። መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ በእያንዳንዱ ሞላ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከ400 ኪሎ ግራም፣ ማለት ከአራት ኩንታል ይበልጣል። ጎማው ሲንጠለጠል ኀይሉ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ይህንን ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ከመፈናጠር የሚያግደው ምንድን ነው? ከታች ያለው ብራቾ ከጎማው ተሸካሚ ጋር፣ የጎማው ተሸካሚም ከላይ ከአሞርዛተሩ ክንድ ጋር የተያያዘ መሆኑ ብቻ ነው። አሞርዛተሩን የሚፈታ ሰው እንግዲህ ሳያውቀው የሞላውን ማሰሪያ መፍታቱ ነው። ሌላ መኪና ላይ ቱቦውን አሞርዛተር ሁለት ዳዶ ፈትቶ የለወጠ፣ በዚያው ልማድ እጁን ወደዚህ የሰደደ ሰው፣ የመጨረሻው ቡሎን በወጣ ጊዜ ታችኛው ብራቾ ወርዶ ሞላው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሲፈናጠር ያገኘዋል። እጅ ወይም ፊት በዚያ ቢገኝ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

መከላከያው ቀላል ነው። ጎማው ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ክሪክ ከታችኛው ብራቾ፣ ከሞላው መቀመጫ ሳሕን በታች ይገባና፣ የአሞርዛተሩ ክንዶች ካረፉበት ጎሚኒ ላይ ትንሽ ከፍ እስኪሉ ድረስ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ሞላውን የያዘው ክሪኩ ነው፤ ክንዶቹም ነፃ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ክሪክ ማንም አይንካው። ክሪኩን ለሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሞላው ራሱ በሥርዐቱ ተለቅቆ ይወጣል እንጂ፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎ አይነሣም።

አሁን ክንዶቹን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያጋጥመው ረዥም ቡሎን ይፈታል። የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ ይወጣል፤ ዳዶው ይከፈታል፤ ቡሎኑ ይገፋል። በአሮጌ መኪና ላይ ይህ ቡሎን ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ አንድ ቀን አስቀድሞ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቢፈስበት ብዙ ድካም ይቀንሳል። ክንዶቹ ሲለቁ የጎማው ተሸካሚ ወደ ውጭ ይዘነበላል፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ወይም በገመድ ወደ ላይ ይታሰር። ቱቦው ክብደት ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ ከውስጥ ቢቀደድም ከውጭ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ አራቱ የሣጥኑ ቡሎኖች ተፈትተው አሞርዛተሩ ይነሣል።

አዲሱ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛው፣ ዕቃው ከሣጥኑ ከወጣ ጀምሮ እስኪታሰር ድረስ ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥበት ሆኖ መያዝ አለበት። በጐኑ ከተጋደመ አየር ወደ ሥራ ክፍሉ ይገባል፤ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ከአሮጌው የባሰ ሆኖ ያገኘው ሰው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ዐይነት የተበላሸ የመሰለው በእጅ ደጋግሞ ከላይ እስከ ታች ቢንቀሳቀስ አየሩ ወጥቶ ይድናል። ሁለተኛው፣ በክንዶቹና በተሸካሚው መካከል ያሉት ጎሚኒዎች በአዲስ ይተካሉ። ዋጋቸው እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ አሮጌውን መልሶ ማግባት ያው ሥራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ገና እንዲጀመር ያደርጋል። መቆለፊያ ሽቦውም አዲስ ይሁን። የጎሚኒዎቹ ዳዶ ፈጽሞ የሚጠብቀው መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል።

የኋለኛው ሥራ ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ ያለው ሞላ ሳይሆን ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራውም አሞርዛተሩ ኖረም አልኖረ በቦታው ስለሚቆይ የሚፈናጠር ነገር የለም። ሣጥኑ በሁለት ቡሎን ከአካሉ ጋር ታስሮ፣ ክንዱ በአንዲት አጭር ማያያዣ ከባሌስትራው በታች ካለው ሰሌዳ ጋር ተገናኝቶአል። ማያያዣው በሁለት ጫፉ ጎሚኒ ያለበት ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ አሞርዛተሩ ሞተ የሚባለው እነዚህ ጎሚኒዎች አልቀው ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ እነርሱን መመርመር ገንዘብ ያድናል። የቀኝና የግራው ደግሞ ለየብቻ የተሠሩ ናቸውና በግዢ ጊዜ መለየት ይገባል።

መኪናው አንድ ጥጉ ዝቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የሞላው ወይም የባሌስትራው ነው እንጂ የአሞርዛተሩ አይደለም። ክንድ ያለው አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ይህንን ሳይለዩ አራት አሞርዛተር ገዝተው መኪናቸው ያው እንደ ተንጋደደ የቀረባቸው አሉ።

ምን ዐይነት ይገዛ? በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አሮጌው ተመልሶ የታደሰው ነው። ከታደሱት ውስጥ ግን ሁለት ዐይነት አለ። አንዱ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ጎሚኒና አዲስ ዘይት የገባበት ነው። ዘንጉና የዘንጉ መቀመጫ ከተበሉ ግን አዲሱ ጎሚኒ በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ላይ ብዙ አይቆይም። ሌላው መቀመጫው ተቦርቡሮ አዲስ የገባበት፣ ዘንጉም የተስተካከለ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቀለሙ ያንጸባርቃል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ቀለሙ ሳይሆን «የዘንጉ መቀመጫ ተለውጦአልን?» ብሎ ነው። ሻጩ ይህንን ጥያቄ በግልጽ ካልመለሰ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።

ክንድ ያለውን ጥለው ቱቦውን ዐይነት የሚያስገቡም ብዙ ናቸው፤ ለዚህም የተዘጋጁ ማያያዣዎች ይሸጣሉ። በኋላ በኩል ይህ የሚደረግ ነገር ነው። በፊት በኩል ግን፣ አስቀድመን እንዳልነው፣ አሞርዛተሩ ብራቾም ስለ ሆነ፣ ቱቦ የሚጨምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ሣጥን ለብራቾነቱ ሲል እዚያው ይተወዋል፤ የተበላው ዘንግም አብሮ ይቀራል። ለውድድር ለሚነዳ ሰው ቱቦው ሙቀት ስለሚችል ጥቅም አለው። ለተራ መንገድ ግን በእኛ አስተያየት በደንብ የታደሰው የጥንቱ ዐይነት ይበቃል። ተለውጦ የነዱት ብዙ መኪና ከሚገባው በላይ ደርቆ፣ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ በነጂው ወገብ ላይ እየቈጠረ የሚሄድ ነው፤ መድረቅና ደኅና መሆን ደግሞ አንድ አይደሉም።

ሁሉ ነገር ታስሮ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ሰው በማይበዛበት መንገድ በዝግታ ይደረጋል። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጒዞ በኋላ አራቱ የሣጥኑ ቡሎኖችና የክንዶቹ ዳዶ በድጋሚ ይፈተሻሉ። በዚያው ጊዜ በዘንጉ ዙሪያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አዙሮ ማየት ነው፤ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ሥራው አልቆአል፤ በዘይት ከራሰ ግን ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለሳል።